ለአንድ ቁልፍ ይበቃል

መጋቢት ዘጠኝ ቀን፣ ማክሰኞ። ሳያልቅ የቀረ፦ አንድ የትራስ ልብስ፤ ነጭ፣ የጥጥ፣ ጠርዙ የተቀመቀመ። በአንዱ ማዕዘኑ ላይ ባለ አራት ቅጠል ሐረግ በእርሳስ ተነድፏል። ሦስቱ ቅጠሎች ተጠልፈው አልቀዋል፤ አራተኛው እስከ ግማሹ ደርሷል። መርፌው እንደተሰካ ነው። ከመርፌው የተንጠለጠለው ክር አሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር ነው። ለክቼዋለሁ፤ መለካትና መመዝገብ ሥራዬ ነው።

ክር የማትጥል ሴት የሌለችበት ቤተሰብ፣ ቤተሰብ ሳይሆን የስም ዝርዝር ነው። አንዷን እናንተም ታውቃላችሁ። አክስት ናት፣ ወይ አማት፣ ወይ ከግድግዳው ወዲያ ያለች ጎረቤት። ልትጠይቋት ትሄዳላችሁ፤ «እንደምን አላችሁ» እያለች እጇን ዘርግታ ስትመጣ ልትጨብጣችሁ ይመስላችኋል። እጇ ግን እጃችሁን አልፎ እጅጌያችሁ ላይ ያርፋል። በሁለት ጣቷ አንዲት የተመዘዘች ክር ቆንጥራ ትስባለች፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ታነሳታለች፣ አንድ ዓይኗን ትጨፍናለች። ከዚያ ይግባኝ በሌለው ድምፅ «ለአንድ ቁልፍ ይበቃል» ትላለች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ክሯ የእናንተ አይደለችም።

ለእኛ ቤተሰብ የተመደበችው የእናቴ ታላቅ እህት ነበረች። ሰፈርተኛው እትዬ ብጣሽ ይላታል። ስሙ በፌዝ የወጣ ነው፤ እሷ ግን እንደ ሹመት ተቀበለችው። ስልክ ስታነሳ እንኳ «አቤት፣ ብጣሽ ነኝ» ትላለች። እኔ በበኩሌ ማዕረጓን ከፍ አድርጌ «ክብርት የቁርጥራጭ ጉዳዮች የበላይ ጠባቂ» ብዬ በልቤ ሾሜያት ነበር። ክብርትነቷ ሠላሳ አንድ ዓመት በሆስፒታል የልብስ ክፍል ውስጥ ሰፊ ሆና ሠርታለች፤ የተቀደደ አንሶላ ትጥፋለች፣ የነርሶች ጋውን ላይ ቁልፍ ትተክላለች። ጡረታ ስትወጣ የሥራ ጓደኞቿ «ምን እንስጥሽ?» ብለው ቢጠይቋት የክፍሉን ጥራጊ መረጠች። በማዳበሪያ ሞልተው ሸኟት። የምስክር ወረቀቱን አውቶቡስ ውስጥ ረሳችው፤ ማዳበሪያውን ግን እንደ ሕፃን አቅፋው ቤት ገባች።

እኔ እሷ ጋ የገባሁት በሰባት ዓመቴ፣ እናቴ በሞተች በሦስተኛው ሳምንት ነው። አባቴ የት ነበር ብላችሁ እንዳትደክሙ፤ እሱ መዝገብ ላይ አልገባም። አንድ ሻንጣ ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። አክስቴ መጀመሪያ ያየችው ሻንጣውን ሳይሆን የሹራቤን እጅጌ ነው፤ ተተርትሮ ነበር። «ና ወዲህ፣ ብርሃኑ ጋ» አለችኝ። ሳላወልቅ እላዬ ላይ ሰፋችው። ሰፍታ እስክትጨርስ አላለቀስኩም፤ መርፌ ከቆዳ አጠገብ ሲመላለስ ሰው መንቀሳቀስ ይፈራል። ሰፍታ ስትጨርስ የተረፈውን ክር በጥርሷ በጠሰችና አየችው። ምን እንዳለች ታውቃላችሁ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩት የመዝገብ አያያዝ ነው። አክስቴ ይህን ለሰው ስታስረዳ «አራት ዓመት ሙሉ ወረቀት አለመጣል ተማረ። እኔ ጋ ቢቀመጥ በሳምንት አስመርቀው ነበር» ትላለች። ወደ ዩኒቨርሲቲው ስሄድ ያለኝ ጨርቅ ሁሉ በውሃ ሰማያዊ ክር የመደመር ምልክት ተደርጎበት ነበር፤ ካልሲው፣ ፎጣው፣ ካናቴራው። የጥርስ ብሩሼ እጀታ ሳይቀር በዚያው ክር ተጠምጥሟል። የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ «ይሄ ሰውዬ ሆስፒታል ተኝቶ ነው የመጣው» ብለው ሳቁብኝ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ሁለት አንድ ዓይነት ካልሲ አድርጎ የተመረቀው ከስድስታችን እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሰነፍ ሰው ክብርትነቷን ስስታም ይላታል። ስስታም ያስቀምጣል እንጂ አይሠራበትም፤ እሷ ግን ሥራ የማትሰጠው ክር አልነበረም። ቤቷ ውስጥ አራት የብስኩት ቆርቆሮዎች አሉ፤ በእጅ ጽሑፏ ስም ወጥቶላቸዋል። «ለቅምቅማት» የሚለው ውስጥ ከክንድ የሚረዝም ክር ይገባል። «ለቁልፍ» የሚለው ከስንዝር እስከ ክንድ ነው። «ለምንም» የሚለው ከስንዝር በታች ነው። አራተኛው በአጭሩ «ቁልፍ» ይላል፤ ካረጀ ልብስ ሁሉ ላይ የተለቀሙ ቁልፎች ያሉበት ነው። እዚህ ላይ ሙያዬ አላስችል ብሎኝ አንድ ጊዜ አስተያየት ሰጥቻለሁ።

«አክስቴ፣ በሁለተኛውና በአራተኛው መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ‹ለ› ብቻ ናት። ሰው ይሳሳታል።»

«እኔ ቤት ከእኔ ሌላ ማን ይከፍተዋል?»

«አሠራር እኮ ሰው አይቶ አይደለም።»

«ተው እንግዲህ አንተ ልጅ፤ ቆርቆሮውን ሳይሆን እኔን ልታስተካክል ነው የመጣኸው።»

ደንቦቿ ግን ከመሥሪያ ቤታችን መመሪያ የተሻለ ይከበሩ ነበር። ለሚፈታ ስፌት ሙሉ ክር አይሰጥም፤ ልብስ ለልክ ሲዘመዘም በአምስት ዓይነት ቁራጭ ክር ነው፤ ነገ ተመዝዞ ለሚወጣ ነገር መልክ ምን ያደርግለታል? ሳሙና ሲገዛ በተወጠረ የናይለን ክር ለአራት ይቆረጣል፤ ቢላ ያደቅቀዋል። ቡናማ ክር ቢያልቅ ቀይና አረንጓዴ ፈትል በአንድ መርፌ ገብቶ ይሰፋል፤ ሦስት እርምጃ ርቆ የቆመ ሰው ቡናማ ነው ብሎ ይምላል። የሸሚዝ የላይኛው ቁልፍ በትክክለኛው ቀለም ይተከላል፣ የታችኛው ባገኘኸው፤ «እሱን የሚያየው ቀበቶህ ነው» ትላለች። ጣት የማይሞላው ብናኝ የመርፌ መሰኪያ ትራስ ውስጥ ይጠቀጠቃል። አንድ ዓመት ደግሞ ለወፎች ጎጆ ይሁን ብላ መስኮቱ ላይ በተነችው። ወፏ ጥጡን ወስዳ ናይለኑን ትታው ሄደች። አክስቴ ተከፋች፤ «ይህቺ ደግሞ ትመርጣለች!» ብላ ናይለኑን መልሳ ለቀመችው።

የሚፋጀውን የድስት ክዳን እጀታ በዘጠኝ ቀለም ክር ጥቅጥቅ አድርጋ የጠመጠመችው ቀን፣ ጎረቤቷ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ሳቀችባት።

«እትዬ ብጣሽ፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲሉ ሰምተሽ ነው?»

«አንበሳ የለኝም፤ ያለኝ ክዳን ነው» አለቻት። ጎረቤቷ ሳቋን ሳትጨርስ ክዳኑን በባዶ እጇ አነሳችው። አላቃጠላትም። በሳምንቱ የራሷን ክዳን ይዛ መጣች።

ጥልፏ ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ነበረች። ገዝታ የምትጠልፈው ክር የላትም፤ ሰው ጠልፎ ሲጨርስ የሚተርፈው ወደ እሷ ይመጣል። አንድ ቅጠል በስድስት ዓይነት አረንጓዴ ትሠራለች፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል፣ የት ጋ እንደተቀያየሩ አይታወቅም። እኔ ልጅ ሆኜ ይህን እንደ ጉድለት ቆጥሬ «ለምን በአንድ ቀለም አትጨርሺውም?» ብዬ ጠየቅኳት። «ሂድ ደጅ ዛፉን እይ፤ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ካገኘህ ጥራኝ» አለችኝ። ወጥቼ አየሁ። አልጠራኋትም።

ከ«ለምንም» ቆርቆሮ የሚወጣ አንድ ሥራ ብቻ ነበር ትርጉሙ ያልተገለጸልኝ፤ እሱም ገመዱ ነው። አጫጭሩን ክር እየጨመረች፣ ሦስት እግር አድርጋ ትጎነጉነዋለች። ከሆስፒታል ጀምሮ የመጣ ነው። ጫፍ የለውም፤ ባዶ ጣሳ ላይ ይጠቀለላል። በየዓመቱ እንድለካላት ታዘኛለች፣ እኔም በደብተር እመዘግባለሁ። መጨረሻ የለካሁት ዕለት አሥራ አራት ሜትር ከሃያ ነበር።

«ለምን ይሆናል?» እላታለሁ።

«ሥራው ራሱ ይመጣል።»

«መቼ ነው ታዲያ የሚያልቀው?»

«ልብስ የሚለብስ ሰው ሲያልቅ።»

አንድ ቀን ምሳዬን ረስቼ ወጣሁና ይዛልኝ ቢሮ መጣች። እኔ አለቃዬ ጋ ነበርኩ፤ ሃያ ደቂቃ ብቻዋን ተቀመጠች። ለአክስቴ ሃያ ደቂቃ ብዙ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ስፌቱ የላላ ፋይል ነበር። ስመለስ ፋይሉ ተሰፍቷል። በሮዝ። ዓይን በሚወጋ፣ ከረሜላ በሚመስል ሮዝ።

«አክስቴ! ምን አደረግሽ?»

«ሊበተን እኮ ነበር።»

«መመሪያው የሚፈቅደው ነጭ ክር ብቻ ነው!»

«ነጩ ሙሉ ጥቅል ነው። ለወረቀት ብዬ ሙሉ ጥቅል ልጀምር?»

ራሴን ከስሼ ለአለቃዬ ሪፖርት ጻፍኩ። አለቃዬ አነበበው፣ ፋይሉን ገለበጠ፣ ጎተተ፣ «ስፌቱ ግን ጠንካራ ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ በመዝገብ ቤታችን ካሉት ስድስት ሺህ ፋይሎች ማንም ሰው በአንድ ጊዜ የሚያገኘው እሱን ብቻ ነው። ቁጥሩን የሚጠራ ጠፋ፤ «ሮዟን አምጣ» ይባላል። ይህን ለአክስቴ አልነገርኳትም። መንገር ነበረብኝ።

አሁን ወደ ቁልፉ ልምጣ። ቋንቋችን በር የሚዘጋውንም ደረት የሚዘጋውንም ቁልፍ ብሎ ነው የሚጠራው። አንድ ስም ለሁለት ነገር መስጠት በእኛ ሙያ ትልቅ ኃጢአት ስለሆነ፣ ከሁሉ ቀድሜ ልጠነቀቅ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ። ቅዳሜ መጋቢት ስድስት የቢሮ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ቁልፍ ጠፋብኝ። መሳቢያው ውስጥ ማኅተም አለ፤ ሰኞ ደግሞ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሦስት መርማሪዎች ለቆጠራ ይመጣሉ። ትርፉን ቁልፍ ከዓመታት በፊት ለአክስቴ «አስቀምጪልኝ» ብዬ ሰጥቻት ነበር። እሑድ ጠዋት ተኝታ ስለነበር ልቀሰቅሳት አልፈለግኩም፤ ጠረጴዛው ላይ ይህን ጽፌ ወጣሁ፦ «የቢሮ ቁልፌ ወድቆ ጠፍቷል። ተመሳሳዩ ቤት አለ። ፈልገሽ ሰኞ ሳልወጣ ስጪኝ። አስቸኳይ።» ማስታወሻ አጭርና ግልጽ መሆን አለበት ተብለን ነው የተማርነው። አጭር ነበር።

አክስቴ ማስታወሻውን አነበበች፣ ወደ ተሰቀለው የቢሮ ኮቴ ሄደች። ሦስተኛው ቁልፍ የለም። እውነትም ወድቋል፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ለብሼው ስዞር እኔ አላየሁም። «ቁልፍ» የሚለውን ቆርቆሮ ጋዜጣ ላይ ገለበጠችና ቀኑን ሙሉ ስትፈልግ ዋለች።

ሰኞ ጠዋት የተጠቀለለች ወረቀት እጄ ላይ አስቀመጠች። «በስንት መከራ መሰለህ ያገኘሁት፤ ቁርጥ እሱን! ና ቁጭ በል፣ ላድርግልህ» አለች። ምን እንደምታደርግልኝ አልጠየቅኩም፤ ዘግይቼ ነበር። ወረቀቷን ኪሴ ከትቼ ሮጥኩ።

ሦስት ሰዓት ላይ ሦስቱ መርማሪዎችና አለቃዬ መሳቢያዬ ዙሪያ ቆመዋል። ወረቀቷን ፈታሁ። አንዲት ቡናማ፣ ባለ አራት ቀዳዳ የኮት ቁልፍ ወጣች፤ ስንዝር የምታህል ቡናማ ክር ተጠምጥሞባታል።

አለቃዬ ቁልፏን አየ፣ መሳቢያውን አየ፣ እኔን አየ። «በዚህ ነው የምትከፍተው?»

ከመርማሪዎቹ አንዷ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ «ቀዳዳስ አላት» አለች። የመሳቢያው ጀርባ በካቻቢቴ ተፈቶ ማኅተሙ ወጣ። ሳቁ ግን እስከ ሥራ መውጫ ድረስ አልወጣም። ሰው ቡና ሲቀዳ፣ በር ሲከፍት፣ «ቁልፍ ይዘሃል?» ይለኛል።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ስገባ አክስቴ መስኮቱ ስር ተቀምጣ የትራሱን ሦስተኛ ቅጠል ትጠልፋለች። ቀና አለች።

«ገጠመልህ?»

ቁልፏን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኳት። ተንከባላ ቁም ሣጥኑ ስር ገባች።

«ቁልፍ አልኩሽ እኮ! ቁልፍ!»

«እና ይኸው ቁልፍ።»

«የመሳቢያ! የሚከፍት!»

መነጽሯን አወለቀች። ትንሽ አሰበች። ከዚያ «ቁልፍ ስትለኝ ቁልፍ መሰለኝ» አለች።

ሌላ ቀን ቢሆን ይህች ዓረፍተ ነገር አንድ ወር ታስቀን ነበር። ያን ቀን አልሳቅኩም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ ደግሞ ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ሦስት ጊዜ የማነብ፣ ንግግሬን ግን አንድ ጊዜም የማላነብ ሰው ነኝ። «አንድ ሙሉ ነገር ይዘሽ አታውቂም» አልኳት። «ሁሉ ነገርሽ ቁርጥራጭ ነው። እኔንም ከቁርጥራጭሽ ጋር ነው የቆጠርሽኝ።»

«አንተንማ…» አለች። አልጨረሰችውም። መርፌዋን ትራሱ ላይ ሰክታ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ማክሰኞ ሳትነሳ ወጣሁ። ቀኑን ከመርማሪዎቹ ጋር በቅርንጫፍ ቢሮ ዋልኩ። ከቀትር በኋላ ያቺ ክዳን ያስጠመጠመች ጎረቤት ልትጠይቃት ገብታ መስኮቱ ስር ተቀምጣ አገኘቻት። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። አልተሰቃየችም አለ። ሐኪሞች እንዲህ ይላሉ።

የሟች ቤት ዕቃ መመዝገብ የሚችል ሰው ሲገኝ ቤተሰብ ያርፋል፤ ዘመዶቼ ለእኔ ተዉት። እኔም መዘገብኩ። ቆርቆሮ፣ አራት። መቀስ፣ ሁለት። የመርፌ ትራስ፣ ሰባት፤ ሁሉም የጠገቡ። ያላለቀ የትራስ ልብስ፣ አንድ። ሦስት ነገር ግን አልገጣጠም አለኝ። አንደኛ፣ የመውጫ ጫማዋ በሩ ላይ ነበር፤ አዲስ አቧራ አለበት፤ ያን ቀን የት እንደሄደች የሚያውቅ ሰው የለም። ሁለተኛ፣ «ቁልፍ» የሚለው ቆርቆሮ እንደገና ጋዜጣ ላይ ተገልብጧል። ሦስተኛ፣ ገመዱ። ገመዱ ተቆርጧል። አክስቴ ክር በጥርሷ ነው የምትበጥሰው፤ ይህ ግን በመቀስ፣ ቀጥ ብሎ፣ ትኩስ የተቆረጠ ነው። ለካሁት። አሥራ ሦስት ሜትር ከአርባ ሁለት። ሰባ ስምንት ሳንቲ ሜትር የለም።

ቁም ሣጥኑን አንስቼ፣ አልጋውን ገልብጬ ቁራጩን ፈለግኩ። የወጥ ቤቱን ቆሻሻ ቅርጫት ወለሉ ላይ ደፋሁት። አክስቴ ክር ጣለች ብሎ ማሰብ ሞተች ብሎ ከማመን ይከብድ ነበር። ከዚህ በላይ ግን ያስጨነቀኝ ሌላው ነው። በዚያች ሴት ዕድሜ ሁሉ ያልተቆረጠ ነገር፣ እኔ ሁሉ ነገርሽ ቁርጥራጭ ነው ባልኳት ማግስት ተቆረጠ። ሰነድ እንዴት እንደሚነበብ ተምሬያለሁ። ያነበብኩት ይህን ነው፦ ተቀይማኛለች፣ ተቀይማኝም ሄዳለች። «አንተንማ» ካለች በኋላ ምን ልትል እንደነበር ስፈልግ፣ ለቦታው የሚገጥም ጥሩ ቃል አላገኘሁም።

ሥራ ከተመለስኩ በኋላ ከሱሪዬ እግር ላይ ክር ተመዝዞ ባየሁ ቁጥር አንስቼ በብርሃን እይዘዋለሁ፤ ከዚያ ሰው እንዳያየኝ ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ። እንዲህ እያለ አንድ ወር ሞላ። አንድ ጠዋት የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ፣ እድሜውን በሙሉ በር ላይ የጨረሰ ሽማግሌ፣ ከዓመት ፈቃዱ ተመልሶ በሩ ላይ ጠበቀኝ። አቶ መዝገብ ነው የሚለኝ።

«አቶ መዝገብ፣ ነፍስ ይማር። ፈቃድ ላይ ሆኜ አልሰማሁም፤ ዛሬ ነው የነገሩኝ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ።»

«ያንተ ዕቃ እኔ ጋ አለ። ሣጥኔ ውስጥ ቆልፌበት ሄጄ፤ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ አብሮኝ ሄደ።»

«የምን ዕቃ?»

«አክስትህ ያመጣችው ነዋ። ያቺ ምሳ የምታመላልሰው። እኔ ፈቃድ በምወጣበት ዋዜማ፣ ማክሰኞ ዕለት። አንተ ከእንግዶቹ ጋር ወጥተሃል።»

«ምን አለች? ተከፍታ ነበር?»

«ማን? እሷ?» ሽማግሌው ሳቀ። «በሳቅ መናገር አቅቷት ነበር እንጂ! ‹ቁልፍ ስትለኝ ቁልፍ መሰለኝ› እያለች እዚህ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስትስቅ እኔንም አሳቀችኝ። ትርፉ ቁልፍህ ለካ እዚያው ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። ‹ራሴ ነኝ የከተትኩት፤ ቁልፍ ይላል እኮ ቆርቆሮው። እሑድ ስፈልግ ይሄ ብረት እዚህ ምን ይሠራል ብዬ ገፋ አድርጌዋለሁ› አለችኝ።»

«ሌላስ?»

«‹እሱ እንደሆነ ተቆጥቷል፤ ይብረድለት› አለች። ደግሞ… ምን ነበር ያለችው? አዎ። ‹ቁርጥራጭ አድርገሽ ቆጠርሽኝ ይለኛል፤ ሞኝ ነው፤ ከእህቴ የተረፈኝ ሙሉ ጥቅል እሱ ብቻ ነው› አለች። እኔ እንኳ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም።»

«እኔ ገብቶኛል።»

«ከዚያ ከኮሌታዬ ላይ ክር መዛ ወሰደች። ‹ለአንድ ቁልፍ ይበቃል› አለችኝ። ሻይ ልበልሽ ብላት ‹አይ፣ የጀመርኩት ቅጠል አለ› ብላ ተነሳች።»

ሣጥኑን ከፍቶ ሰጠኝ። ገመዱ ነው። የመሳቢያዬ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። አንደኛው ጫፉ ተጠማዝዞ ቀለበት ሆኗል፤ በሌላኛው ጫፍ ያቺ ቁም ሣጥን ስር የገባች ቡናማ ቁልፍ ተተክላለች፣ በጥንድ ክር፣ አራቱም ቀዳዳ ተሞልቶ። ቁልፏ በቀለበቱ ስትገባ ገመዱ ተዘግቶ አንገት ላይ ይውላል፤ እንዳይጠፋ። ስንት እንደሚሆን አውቅ ነበር፤ ያም ሆኖ ለካሁት። ሰባ ስምንት። ኮቴ እስከ ዛሬ ሦስተኛ ቁልፍ የለውም።

«ፈርም እንጂ» አለ ሽማግሌው፤ የዕቃ መቀበያ መዝገቡን ገልጦ። «በቁጥሩ ተከራክረን ነበር። እኔ አንድ ልል ስል፣ ሁለት ብለህ ጻፍ፣ እሱ ሰውዬ ቆጠራ ላይ ቀልድ አያውቅም አለችኝ። ምርመራውንም ቃል በቃል ነው ያስጻፈችኝ።»

የሽማግሌው የእጅ ጽሑፍ ይንሻፈፋል። ግን ባዶ የተተወ ዓምድ የለም፦

«ቀን፦ መጋቢት 9። ሰዓት፦ ረፋድ 4፡30። አስረካቢ፦ አክስት። የሚደርሰው፦ ለመዝገብ ቤት። የዕቃው ዓይነት፦ ቁልፍ። ብዛት፦ 2። ምርመራ፦ አንዱ ይከፍታል፣ አንዱ ይዘጋል።»